እየሠሩ የሚማሩት ዲግሪ፦ የፕሮጀክት ተለማማጅና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኘው እንፍራንዝ ለግንባታ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ግንብ ዛሬም በኮረብታው ላይ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ይመለከታል። በዚያው አካባቢ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ በአንዱ ደብር ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ተጀምሯል፤ በሌላው የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ታቅዷል፤ በሌላው ደግሞ ምንጭ ለማጎልበት ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ደን በካብ ለማጠር ገንዘብ ይሰበሰባል። እነዚህን ሥራዎች የሚመራቸው ማን ነው? ለመምራትስ የት ተማረ? በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚወድቀው በታማኝነታቸው በተመረጡ የሰበካ ጉባኤ አባላት ላይ ነው። ታማኝነት ትልቁ ሀብት ቢሆንም የወጪ ግምት ማዘጋጀትን፣ ውል መጻፍንና የጊዜ ሰሌዳ ማውጣትን ብቻውን አያስተምርም። በሌላ በኩል በየቤቱ ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ የደብሩ ልጆች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው ዕውቀታቸውን ይመዝናል፤ ሲሚንቶው ሳይደርስ ግንበኛው ቀን ሲቆጥር ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ሊያሳያቸው አይችልም። ሽማግሌዎቹ ልምድ አላቸው፣ ሥልጠና አላገኙም፤ ወጣቶቹ ትምህርት አላቸው፣ ሥራ አልነኩም። ሁለቱን በአንድ ቦታ ለማገናኘት በልዩ ልዩ ሀገር ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ የዲግሪ ተለማማጅነት ነው።

የዲግሪ ተለማማጅ ማን ነው?

የዲግሪ ተለማማጅ ማለት በአንድ ጊዜ ሠራተኛም ተማሪም የሆነ ሰው ነው። ቀጣሪ ድርጅት በውል ይቀጥረዋል፤ ደመወዝ ይከፍለዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሥራውን እንደ ትምህርቱ አካል ቆጥሮ ያስተምረዋል። በእንግሊዝ አሠራሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ ከተፈቀዱት የሙያ ዘርፎች አንዱ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ነው። ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል። ተለማማጁ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ወጪውን ለመሸፈን ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የደመወዝ ወጪያቸውን 0.5 ከመቶ ለዚህ ዓላማ እንዲያዋጡ በሕግ ተደንግጓል። ተለማማጁ ከሥራ ሰዓቱ የተወሰነውን ለትምህርት ብቻ እንዲያውለው ግዴታ ተጥሏል፤ ይህም ቀድሞ የሥራ ሰዓቱ አንድ አምስተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በሳምንት በትንሹ 6 ሰዓት እንዲሆን ተወስኖ ነበር።

በጀርመንም የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ ትከተላለች። በዚያ ተማሪው በግምት ሦስት ወር በትምህርት ተቋሙ፣ ሦስት ወር ደግሞ በቀጠረው ድርጅት እየተፈራረቀ ዲግሪውን ያጠናቅቃል።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ለፕሮጀክት ሥራ አመራር የሚስማማበት ምክንያት አለ። ሙያው በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ የሚገኘውና በብዙ ሀገሮች የሚታወቀው የፕሮጀክት ሥራ አመራር ተቋም ዋናውን የሙያ ምስክር ወረቀት ለመስጠት የመጀመሪያ ዲግሪ ካለው አመልካች የ36 ወራት፣ ዲግሪ ከሌለው ደግሞ የ60 ወራት ፕሮጀክት የመምራት ልምድ ይጠይቃል። በሀገራችን ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲሆን፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይሰጣል። በመሆኑም የገጠር ደብር ልጅ ወደዚህ ሙያ የሚገባበት የመጀመሪያው ደጃፍ ሥራው ራሱ ነው።

ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም

አባቶቻችን ይህን አሠራር ሲሰሙ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይረዳሉ። የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ እየተማረ ከእርሱ በታች ያሉትን ያስቀጽላል፤ በማኅሌት ይቆማል፤ በቅዳሴ ያገለግላል። ትምህርቱና አገልግሎቱ አይለያዩም። ከዚህም በላይ፣ የተማረበት ጉባኤ ብቻውን የመጨረሻ መስካሪ አይሆንም። ድጓ የተማረ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ወደ ዙር አባ፣ ቅዳሴ የተማረ ወደ ደብረ ዓባይ ሄዶ ያስመሰክራል። በእንግሊዝም የተለማማጁ የመጨረሻ ምዘና ከዕለት አሠሪው ገለልተኛ በሆነ መዛኝ እንዲታይ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያሠራ ሰው የራሱን ደቀ መዝሙር ሲመዝን ዓይኑ ሊያደላ ይችላልና።

በዘመናዊ ትምህርታችንም ምሳሌ አለን። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ በጤና ጣቢያዎችና በመንደሮች በቡድን እያሠራ ማሠልጠኑ ይታወቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አቋቁሞ ነበር። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር አብዛኛው የሥልጠና ጊዜ በሥራ ቦታ እንዲሆን ይጠበቅባቸዋል፤ የምህንድስና ተማሪዎችም ከትምህርታቸው መካከል በድርጅቶች ለተግባር ልምምድ ይወጣሉ።

ልዩነቱን ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። የተግባር ልምምድ ለጥቂት ወራት የሚቆይ ጉብኝት ነው፤ ተማሪው አንድ ሥራ ሲጀመር ቢያይ ሲያልቅ ላያይ ይችላል። የፕሮጀክት ተለማማጅ ግን ከሐሳቡ መነሻ እስከ ርክክቡ ድረስ ከሥራው ጋር ይቆያል። ስሕተት በዕቅድ ላይ ተጽፎ፣ በአፈጻጸም ላይ ተገልጦ፣ በሒሳብ መዝጊያ ላይ ዋጋ ሲያስከፍል በአንድ ሰው ዓይን ፊት ያልፋል። ትምህርቱ ያለው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ተለማማጁ ምን ይማራል?

የመጀመሪያው ትምህርት ፕሮጀክት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ መለየት ነው። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ፣ የተወሰነ በጀትና ሊለካ የሚችል ውጤት ያለው ሥራ ነው። የማያቋርጥ ሥራ ግን ፕሮጀክት አይደለም። ለዚህ ከጣና የተሻለ አስተማሪ የለም። እምቦጭ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ገበሬዎች ብዙ ደክመዋል፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰፊ የዘመቻ ሥራ ተካሂዷል። ነገር ግን የአረሙ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይና የተቆረጠውም ተክል እንደገና ስለሚራባ፣ ዘመቻው ሲያበቃ አረሙ ይመለሳል። ዘመቻው ፕሮጀክት ነው፤ ሐይቁን መጠበቅ ግን ቋሚ ተግባር ነው። የተሠራውን የውኃ ቦኖ ከምረቃው በኋላ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ሳይወስን ሥራ የሚጀምር ኮሚቴም ይህንኑ ሁለቱን አደባልቋል።

ሁለተኛው ትምህርት ባለድርሻ አካላትን ማወቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከማኅበረ ካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በድንጋይ ካብ ለማጠር ያደረጉት ጥረት ጥሩ ማሳያ ነው። ካቡ ከብት ወደ ደኑ ገብቶ ችግኝ እንዳይበላ ይከለክላል። ድንጋዩ የተገኘው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ማሳው ሲጸዳለት ቤተ ክርስቲያኑም አጥር አገኘ። የአንዱ ሸክም የሌላው ግብዓት መሆኑን ማየት የዚህ ሙያ ዋና ጥበብ ነው።

የጊዜ ሰሌዳና የበዓላት ቀን

ሦስተኛውን ትምህርት በምሳሌ እናስረዳ። በእንፍራንዝ አካባቢ ያለ አንድ ደብር 90 የሥራ ቀናት የሚወስድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ በታኅሣሥ 1 ቀን ይጀምራል እንበል። ከከተማ የመጣው ዕቅድ አውጪ ከወሩ 30 ቀናት እሑዶችን ብቻ ቀንሶ 26 የሥራ ቀን ይቆጥራል። በዚህ ስሌት ሥራው በመጋቢት አጋማሽ ያልቃል፤ በወረቀት ላይ ያምራል።

የደብሩ ልጅ የሆነ ተለማማጅ ግን ሌላ ሒሳብ ያውቃል። ጉልበት የሚያዋጣው ምእመን ቅዳሜንም ያከብራል፤ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ29 በዓለ ወልድን፣ በተጨማሪም የደብሩን ታቦት ወርኀዊ በዓል ያከብራል። ከ26ቱ አራት ቅዳሜ፣ ሦስቱ በዓላትና አንዱ የደብሩ ቀን ሲቀነሱ የሚቀረው 18 ቀን ነው። ያው 90 ቀን አሁን ሙሉ አምስት ወር ይፈጃል፤ ሥራው የሚያልቀው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። በዚህ ላይ የጥምቀትና የትንሣኤ ሰሞን፣ የሐዘንና የሠርግ ቀናት ሲጨመሩ ወደ ግንቦት ይገባል። በግንቦት ገበሬው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ በሰኔ ዝናቡ ይጀምራል፤ ገና ያልተከደነ ቁፋሮ በጎርፍ ይሞላል፤ የተሰበሰበው አሸዋ ይታጠባል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? በዓሉን መሻር አይደለም። ሥራውን ከታኅሣሥ ወደ ኅዳር መጀመሪያ መሳብ፣ ወይም የግንባታውን ክፍል ከጉልበት መዋጮው ለይቶ በተከፋይ ባለሙያ ማሠራት፣ ወይም ከዝናቡ በፊት የግድ ማለቅ ያለበትን ክፍል፣ ማለትም የምንጩን ዓይን መክደን፣ አስቀድሞ መጨረስ ነው። በሙያው ቋንቋ ይህ ወሳኝ የሥራ መስመርን መለየት ይባላል፤ ሁሉም ሥራ እኩል አያስቸኩልም፤ አንዱ ቢዘገይ መላውን የሚያዘገየው ሥራ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው የመስመሩን አሣሣል ያስተምረዋል፤ በመስመሩ ላይ የትኛው ቀን ሊሠራበት እንደማይቻል የሚያሳየው ደብሩ ነው።

በዚሁ መንገድ ተለማማጁ የሥጋት መዝገብ ያዘጋጃል። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ሲሚንቶ ከየት ይመጣል? የዕቃ ዋጋ ቢጨምር የትኛው ክፍል ይቀነሳል? ግንበኛው ቢታመም ተተኪው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ተጽፈው መልስ ካላገኙ፣ በችግሩ ቀን በጭንቀት ይመለሳሉ።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያዘጋጅ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ዲግሪ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሰበካ ጉባኤ ዲግሪ ሊሰጥ አይችልም፤ እንደሚሰጥ አድርጎም ቃል መግባት የለበትም። ሰበካ ጉባኤው ሊሰጥ የሚችለው የዲግሪውን ሌላኛውን ግማሽ፣ ሥራውን ነው። በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት ትምህርት የሚማር፣ ወይም ተመርቆ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚዘጋጅ የደብሩ ልጅ ካለ፣ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር የሚማረውን በእንፍራንዝ ሊሠራበት ይችላል። ለዚህም የሚከተሉት ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ የጽሑፍ ውል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይደነግጋል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ቆይታ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ ሊገለጹ ይገባል። ሆኖም አዋጁ በሃይማኖት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት ላይ እንዳይፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችልም ስለሚገልጽ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሀገረ ስብከቱን የሕግ አገልግሎት ማማከር ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍያ። ትንሽም ብትሆን በወቅቱ የምትከፈል ትሁን፤ በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥም በግልጽ ትያዝ። ክፍያ የሌለው ልምምድ የሚቻለው ወላጆቹ ለሚያበሉት ብቻ ነው፤ የድኻ ልጅ ከበሩ ይመለሳል። እኅቶቻችንም እንዲሁ፤ ሴት ተለማማጅ በምትሠራበት ደብር የማደሪያና የመመላለሻ ደኅንነት አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ አሠልጣኝ። ተለማማጁ ለኮሚቴው በሙሉ ሳይሆን ለአንድ ስሙ ለታወቀ ሰው ይጠራ። ይህ ሰው ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም ሥራ መርቶ የሚያውቅ ካህን ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሥራ ማኅደሩን ያይለታል፤ የተሳሳተውን ያርማል፤ ያልገባውን ያስረዳዋል።

አራተኛ፣ የጥናት ጊዜ። በሳምንት አንድ ቀን የትምህርቱ ቀን ይሁን። በፈተና ሰሞን ተለማማጁን ለሌላ ጉዳይ መላክ ውሉን ማፍረስ ነው።

አምስተኛ፣ የገንዘብ ጥንቃቄ። ተለማማጁ በጀት ያዘጋጃል፤ ወጪን ከዕቅድ ጋር ያስተያያል፤ ወርኀዊ ዘገባ ይጽፋል። ጥሬ ገንዘብ ግን አይይዝም፤ ብቻውንም አይፈርምም። ይህ እርሱን ከመጠራጠር አይደለም። ወጣቱን ከፈተና፣ ደብሩን ከሐሜት የሚጠብቅ አጥር ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በሰበካ ጉባኤው በአንድነት እንዲቀመጡ የተደረገው አንዱ ለሌላው ምስክር እንዲሆን ጭምር ነው።

ስድስተኛ፣ ምስክርነት። ሥራው ሲያልቅ ከደብሩ ውጭ ያለ ሰው፣ ለምሳሌ ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከልማት ኮሚሽኑ የተላከ ባለሙያ፣ ውጤቱንና ማኅደሩን አይቶ ይመስክርለት። ያ ወረቀት ለወጣቱ ቀጣይ ቀጣሪ ዘንድ የሚናገርለት አንደበት ይሆናል።

ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ ተለማማጁን መላእክተኛ ማድረግ ነው። ደብዳቤ የሚያደርስ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ፣ ለስብሰባ ወንበር የሚደረድር ወጣት አገልግሎት ሰጠ እንጂ ሙያ አልተማረም። መለኪያው ቀላል ነው፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ተለማማጁ የፕሮጀክቱን በጀት፣ ቀሪ ሥራና ትልቁን ሥጋት ሳያጠያይቅ መናገር ካልቻለ፣ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ሸክሙን ሁሉ በእርሱ ላይ ጥሎ መራቅ። ዲግሪ አለው ተብሎ የአንድ ሚሊዮን ብር ሥራ ለብቻው የተተወለት ወጣት ቢሳሳት፣ ስሙ በተወለደበት ደብር ለዕድሜ ልኩ ይጎድፋል። ለተለማማጅ የሚሰጠው መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያም እያደገ የሚሄድ ኃላፊነት ነው፤ ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ እንደሚሄደው የአብነት ተማሪ።

አንዳንድ አባቶች “ሠልጥኖ ሲያበቃ ትቶን ይሄዳል” ሲሉ እንሰማለን። ሊሄድ ይችላል። ሆኖም ሳይሠለጥን ከሚቀር ይልቅ ሠልጥኖ ቢሄድ ይሻላል፤ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪው ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል ብለው በራቸውን ዘግተው አያውቁም። ደብሩ ዘንድ የሚቀር ነገርም አለ። ተለማማጁ የጻፈው ዕቅድ፣ የወጪ ግምት፣ የውል ቅጽና የሥጋት መዝገብ በሚገባ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ሥራ መነሻ ይሆናል።

ጌታችን በወንጌል፣ ወጪውን ሳያሰላ ግንብ ስለጀመረና መጨረስ ስላቃተው ሰው ምሳሌ ሰጥቶ አስተምሯል። በየገጠሩ ግማሽ ላይ የቆሙ ግድግዳዎች የብር እጥረት ብቻ ምልክቶች አይደሉም፤ የብዙ መበለቶች መባና የብዙ ገበሬዎች የጉልበት ቀን በውስጣቸው ታስሯል። የሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳቸው ላይ፣ ከሲሚንቶውና ከቆርቆሮው ቀጥሎ፣ አንድ መሥመር ለአንድ ተለማማጅ እንዲያክሉ እንመክራለን። ከዚያ በፊት ግን ሥራው በዓመቱ ውስጥ በእርግጥ የሚጠናቀቅ፣ አሠልጣኙ በስም የታወቀ፣ ክፍያውም የተያዘ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ እስኪሟላ ድረስ መቆየት ለወጣቱም ለደብሩም ይበጃል።